በክንድ የተለካ ብስክሌት

ባለፈው ቅዳሜ ከቅዳሴ ስመለስ አንድ ብስክሌት ሻጭ ደጃፍ ላይ እግሬ ቆመ። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከተማው ሜዳ ነው፣ ተማሪውም ዲያቆኑም ዓሣ ነጋዴውም በብስክሌት ነው የሚሄደው። ያቆመኝ አንድ አባት የተናገረው ነገር ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀጭን ልጁን ከጎኑ አቁሞ በደጃፉ ከተደረደሩት ሁሉ የሚበልጠውን ብስክሌት መሪ ይዟል። ልጅቷ ቀስ ብላ «አባ፥ እግሬ እኮ መሬት አይደርስም» አለችው። እሱም ፊቱን ሳያዞር «ለስድስት ወር ብዬ አልገዛም፤ ታድጊበታለሽ» አላት።

ታድጊበታለሽ። ይህችን ቃል ስሰማ ባሕር ዳር መሆኔን ረሳሁት። እኛ ቤት፣ ሐረር፣ «ታድጊበታለሽ» ያልተባለበት ነገር አልነበረም። ሹራቤ እጅጌው ሁለቴ ታጥፎ ነው የሚለበሰው። የዩኒፎርሜ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋና በየመስከረሙ ሁለት ሁለት ጣት ይፈታል፤ የተፈታው ጨርቅ ከሌላው ይልቅ ደማቅ ስለሆነ የሰፈር ሰው ቀሚሴን አይቶ ዕድሜዬን ይቆጥር ነበር። ጫማ ሁለት ቁጥር ተጨምሮ ይገዛና ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቃል። አባቴ በዚህ ነገር የሚታማ ሰው አልነበረም፤ የሁሉም አባት እንደዚያ ነበር። ደመወዙ አንድ፣ ልጁ ብዙ። ዛሬ ሳስበው፣ ልጄ ታድጋለች ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ትልቅ እምነት ያለው ሰው ነው።

ዓመተ ምሕረቱን አልጠቅስም። ዓመተ ምሕረት ከተጠቀሰ መንግሥት ይነሣል፣ እሱን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። ዳቦ በዐሥር ሳንቲም ይሸጥ የነበረበት፣ ዛሬ ባጃጁ በሚርመሰመስበት መንገድ ፔጆ ታክሲ እያቃሰተ ይወጣ ይወርድ የነበረበት፣ ወጣት ወንዶች እግሩ እንደ ቀሚስ የሰፋ ሱሪ ለብሰው ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሙዚቃ ቤቱን ተደግፈው የሚቆሙበት ጊዜ ነው። ሙዚቃ ቤቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት ስለሚደጋግም፣ እኔ ዘፈን መስማት የማይፈቀድልኝ ልጅ ግጥሙን በሙሉ በቃሌ አውቀው ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ዛሬም አልጠፋኝም።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከመንዝ ተመድቦ የመጣ ወታደር ነበር። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሐማሬሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ለእሱ ካምፕ ቅርብ፣ ለእኔ ትምህርት ቤት ግን ሩቅ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ መንታ ወልዳ ወገቧ አልጠናላትም። ጠዋት ውሃ የምቀዳው፣ የሕፃናቱን ጨርቅ አጥቤ የማሰጣው እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትምህርት ቤት ሩጫ። ስደርስ ባንዲራው ተሰቅሏል፣ በሩ ተዘግቷል። እንዲህ እንዲህ ስል ከረምኩና አንድ ቀን ምክትል ዳይሬክተሩ አባቴን አስጠሩት።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ ግን ለጎበዝ ብለን የከፈትነው ሌላ በር የለንም። ከዛሬ በኋላ ሁለት ጊዜ ካረፈደች ስሟን ከመዝገብ እሰርዘዋለሁ» አሉት።

ማታ እናቴ «ትቀመጥልኝ» አለች። «አንድ ዓመት ብትቀመጥ ምን ትሆናለች? ሕፃናቱ ሲጠኑ ትመለሳለች።» በእናቴ አልፈርድባትም፤ ጎንበስ ብላ መነሣት የማትችል ሴት ናት። ነገር ግን በእኛ ሰፈር አንድ ዓመት ቤት ተቀምጣ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰች ልጅ አላየሁም። በዓመቱ የሚመጣው ሽማግሌ ነው። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የዚያን ሌሊት ውዳሴ ማርያሙን እንደ ጀመርኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ጠዋት ስነቃ ግን ልመናዬን እንደ ጨረስኩ ቆጠርኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ጥቁር ብስክሌት እየገፋ ከች አለ። ከአገር የሚወጣ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ዕቃውን ሲሸጥ ነው ያገኘው። ባለ ሃያ ስምንት ጎማ፣ ከላይ ወፍራም አግዳሚ ብረት ያለው፣ የወንድ ብስክሌት። «በዚህ ሩብ ሰዓት አይፈጅባትም» አለ እናቴን። እናቴ ብስክሌቱን አየች፣ እኔን አየች። «ይህ እኮ በቅሎ ነው» አለችው። «ታድግበታለች» አለ።

በዚያው ቀን ሱሪም ተሰፋልኝ። በቀሚስ ብስክሌት አይነዳምና አባቴ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ወሰደኝ፤ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ያወጣለት ጠባብ መንገድ ነው፣ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ስለሚያንጓጉ ሰው እየጮኸ ነው የሚነጋገረው። ሰፊው ሜትሩን ይዞ ሲጠጋ አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተወው አትለካት፤ ሰፋ፣ ረዘም አድርገው» አለው። ሱሪው ሲያልቅ ጫፉ ሦስት ጊዜ ይታጠፍ ነበር።

ብስክሌቱ ትልቅ እንደሆነብኝ ገና ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። ኮርቻው ላይ ብቀመጥ ፔዳሉ አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይጠፋል። ስለዚህ እሑድ አባቴ ካምፕ በዋለበት ከላይ መቀመጡን ትቼ ቀኝ እግሬን ከአግዳሚው ብረት ሥር አሾልኬ፣ ወገቤን አጣምሜ፣ ግማሽ ሰውነቴ ከብስክሌቱ ውጭ እየተንጠለጠለ መንዳት ተለማመድኩ። የሚያየኝ ሁሉ ይሥቃል። አንዱ ባለ ጋሪ «አንቺ ልጅ፥ እየነዳሽው ነው ወይስ እየታገልሽው?» ብሎኛል። ለአባቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ልኬ አይደለም ካልኩ ብስክሌቱ ይሸጣል፣ ከተሸጠ እቤት እቀመጣለሁ። «እንዴት ነው?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባዬ፥ በጣም ጥሩ ነው» እለዋለሁ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ምግብ ጾሜ ውሸት ስበላ ሰነበትኩ።

ሰኞ ደረስኩ። ማክሰኞም ረቡዕም ደረስኩ። ሐሙስ ቁልቁለቱን ስወርድ የሱሪዬ እጥፋት ተፈታና ፔዳሉን ከጎማው የሚያገናኘው ካቴና ውስጥ ገባ። ፍሬን ልይዝ ብል ጣቴ ከፍሬኑ ብረት አይደርስም። ከመንገዱ ዳር ከነበረ የጠጠር ክምር ላይ ወደቅሁ። ጉልበቴና ክንዴ ተላጠ፣ ሱሪው ተቀደደ። ብስክሌቱን እየጎተትኩ ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር። ዘበኛው ጋሽ ወልዴ ደሜን አይተው አስገቡኝ፤ ምክትል ዳይሬክተሩ ግን መዝገባቸው ላይ ምልክት አደረጉ። «አንድ ቀረሽ» አሉኝ፤ ቁስሌን በአልኮል የጠረጉልኝም እሳቸው ናቸው።

አባቴ ማታ ጉልበቴን አየ። ቀጥሎ «ቅዳሜ እሸጠዋለሁ» አለ። «ነፍሷ ይሻለኛል። ትቀመጥ።» እናቴ ደስ ያላት አልመሰለኝም፤ ፊቷን አዙራ ሕፃኗን አጠባች። ዓርብን እቤት ዋልኩ።

ሸዋ በር አጠገብ አው ዩሱፍ የሚባሉ የሐረሪ ሽማግሌ ነበሩ። ብስክሌት በሰዓት ያከራያሉ፣ ይጠግናሉ፣ ያሻሽጣሉም። ነጭ ቆብ፣ ሽርጥ፣ በአፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ መነጽር። ሰውን ሁሉ አንተ ነበር የሚሉት። አባቴ ሐረር እንደ መጣ ሰሞን በዚህ የከተማው ልማድ ይቀየም ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ሹሙንም ሸክም ተሸካሚውንም እኩል አንተ የሚል ሰው ማንንም እንደማይንቅ ገባው። ብስክሌቱን ይዘን ስንደርስ አው ዩሱፍ ቀና ብለው አዩንና ወዲያው እኔን አወቁኝ።

«ኧረ ሃምሳ አለቃ፥ ይቺ ያንተ ልጅ ናት? በብረት ሥር ሾልካ ስትሄድ አራት ቀን አየኋት። ወላሂ የሰርከስ ልጅ መስላኝ ነበር።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «በብረት ሥር?»

መሬት መሬት አየሁ። አው ዩሱፍ የነገሩን አካሄድ ተረዱና ወሬውን ቀየሩት። «ማን ለካላት?»

«ምኑን?»

«ብስክሌቱን አቦ። ማን ለካላት?»

«ብስክሌት ይለካል እንዴ? ባለ ሃያ ስምንት ነው ተብዬ ገዛሁት።»

«ሃያ ስምንት ጎማው ነው። ጎማ በሁሉም ሰው ሥር ይዞራል። ልክ ያለው ይሄ ነው» ብለው መሐል ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት በመፍቻ ኳ ኳ አደረጉት። እሳቸውና መካኒኮቹ ቴላዮ ይሉታል። «ኮርቻ ይወርዳል። መሪ ይወርዳል። ይሄ እንደ አጥንት ነው፤ አይወርድም።»

ለወንድ ልጅ አለካኩ ቀላል መሆኑን ያከራዩ በነበሩበት ደጃፍ አይቻለሁ። አግዳሚውን ብረት በእግሮቹ መሐል አድርጎ መሬት ላይ ይቆማል፤ በሱሪውና በብረቱ መሐል ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ከተረፈ ልኩ ነው። አው ዩሱፍ ግን ለሴት ልጅ ያን አላሉም፤ አባቴም ባለበት፣ ገበያተኛም እያለፈ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነውር ነው። ለዚህ ሲሉ ይሆን ወይም ከሌላ ተምረውት፣ ሌላ መንገድ ነበራቸው። እሳቸው ሳይነኩኝ፣ ርቀው ቆመው፣ በመፍቻው እያመለከቱ አዘዙኝ።

«ክርንሽን ከኮርቻው አፍንጫ አስጠጊ። አሁን እጅሽን ወደ መሪው ዘርጊ። ጣትሽ መሪውን መንካት አለበት፤ ሁለት ጣት ቢቀርም ግድ የለም።»

ዘረጋሁ። አንድ ጭብጥ ሙሉ ቀረኝ።

«እሺ። ጎንበስ በይና የጣትሽን ጫፍ ፔዳሉ የሚዞርበት መሐል ላይ አድርጊ። እጅሽን ቀጥ። ኮርቻው ብብትሽ ሥር ይገባል?»

አልገባም። ኮርቻው እስከ መጨረሻው ወርዶም ትከሻዬን ወደ ላይ ገፋው።

«ታድግበታለች» አለ አባቴ፣ ድምፁ ግን ቀጥኗል። «ጫማዋንም ሁለት ቁጥር ጨምሬ ነው የምገዛው።»

«ጫማ ሲሰፋ ጥጥ ትጠቀጥቃለህ። ለዚህ በምን ልትጠቀጥቅ ነው፥ ሃምሳ አለቃ?»

ይህን ሁሉ ለባሕር ዳሩ ሰውዬ አልነገርኩትም። በሰው ነገር መግባት አልወድም፤ ያውም ከቅዳሴ መልስ። ነጠላዬን አስተካክዬ ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ግን ተመለስኩና «ወንድሜ፥ ይቅርታ፤ ልጅቷ ክርኗን እዚህ ላይ ታሳርፍ እስቲ» አልኩት። ልጅቷ ከአባቷ ቀድማ አደረገችው። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። በብብቷም አስለካኋት። ሻጩ «እማማ፥ ገበያዬን ባይዘጉብኝ» አለኝ። «አልዘጋብህም ልጄ፤ ያንን ትንሹን አረንጓዴ አምጣውና በእሱ ትሸጣለህ» አልኩት። አረንጓዴው ሲመጣ ጣቷ መሪውን ነካ። አባትየው ትንሽ አሰበና «እማማ፥ እርስዎ መካኒክ ነበሩ?» አለኝ። «አይ፥ የወታደር ልጅ ነበርኩ» አልኩት። ኮርቻው ወደ ላይ የሚወጣ ብዙ ብረት እንዳለው አሳየሁት፤ ልጅቷ ስታድግ እሱ ይነሣል። ይህን ሲያይ ደስ አለው፤ ታድጊበታለሽ ያለው ቃል ሳይበላሽ ቀረለት። አረንጓዴውን ይዘው ሄዱ።

ወደ ሸዋ በር ልመለስ። አባቴ ብስክሌቱን ሲያይ አው ዩሱፍ መፍቻቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ና እስቲ። ክርንህን አድርግ።»

«እኔ?»

«አድርግ አቦ።»

አባቴ ካፖርቱን ሰብስቦ ክርኑን ከኮርቻው አፍንጫ አስጠጋ፤ ጣቱ መሪው ላይ አረፈ። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ፔዳሉ መሐል ሲያደርግ፣ አው ዩሱፍ ኮርቻውን ወደ ላይ ሳቡት፤ ብብቱ ሥር ገባ። ሌላ ሰው ለእሱ ብሎ የሠራው ይመስል ነበር።

«ሱብሐነላህ» አሉ አው ዩሱፍ፣ በቀስታ። «ስትገዛ የለካኸው ራስህን ነው።»

አባቴን ሲያፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከጎነበሰበት ቀና ሳይል፣ ለእኔ ሳይሆን ለብስክሌቱ የሚናገር በሚመስል ድምፅ፣ «መሐንዲሱ ግቢው ውስጥ ሲያሳየኝ እጄን ጣል አደረግሁበት። ደስ አለኝ። ለእሷ መሆኑን አልረሳሁም፤ ግን ደስ አለኝ» አለ። በልጅነቱ መንዝ ውስጥ አንድ የአስተማሪ ብስክሌት አይቶ ሦስት ቀን ተከትሎት እንደ ዋለ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት አባቴ ልጅ የነበረ አይመስለኝም ነበር።

«እንግዲያ አንተ ንዳው፣ እሷን ከኋላ ጫናት» አሉ አው ዩሱፍ።

«እኔ ጎህ ሲቀድ ካምፕ መገኘት አለብኝ። ማን ያደርሳታል?»

እዚያው ቆመን እያለን ከድር መጣ። ከድር ከከተማው ዳር ካለ ቀበሌ በየቀኑ እየመጣ ጊደር መጋላ ገበያ እህል የሚመዝን ቆቱ ነበር፣ ሐረሮች የአካባቢውን ኦሮሞ ገበሬ እንዲህ ይሉታል፤ በቤት በር ጎንበስ ሳይል የማይገባ ረጅም ሰው። የሚነዳው ደግሞ አግዳሚው ብረት ወደ ታች የተቆለመመ ሰማያዊ የሴት ብስክሌት ነው፤ ከአንዲት አገሯ ከተመለሰች ነርስ በርካሽ የገዛው። ሲነዳ ጉልበቶቹ መሪውን እንዳይመቱ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ። ከበሩ የተቀመጡት ሰነፎች እንደ ልማዳቸው ጀመሩት።

«ከድር፥ ክንፍህን ሰብስብ፣ መንገድ ዘጋህ።»

«አቦ ተዉኝ» አለ፤ ወርዶም ለአው ዩሱፍ «ጎማውን ንፉልኝ፣ ጉልበቴ ግን እንዲህ ከሆነ እስከ ኢድ አይደርስም» አላቸው።

አው ዩሱፍ ጎማውን አልነፉም። አንዴ ከድርን፣ አንዴ ጥቁሩን ብስክሌት፣ አንዴ እኔን አዩ። «አንቺ፥ ክርንሽን በዚህኛው አድርጊ» አሉኝ።

ሰማያዊው ላይ ጣቴ መሪውን ሊነካ ሁለት ጣት ቀረው። ኮርቻው ብብቴ ሥር ልክ ገባ። ከድር ደግሞ ጥቁሩ ላይ ክርኑን ሲያሳርፍ እጁ መሪውን አለፍ አለ፤ ለእሱ እንኳ ትንሽ ያንሰዋል፣ ግን ጉልበቱ ተዘረጋ። «ወላሂ» አለ ከድር።

ሁላችንም አባቴን አየን። የእሱ ብስክሌት ትልቅ፣ አዲስ መሳይ፣ የመሐንዲስ ዕቃ። የከድር ቀለሟ የተላላጠ፣ የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎዋ በሽቦ የታሰረ። ከድርም ይህን አውቆ «ሃምሳ አለቃ፥ አንድ ኩንታል ማሽላ እጨምራለሁ። ኢንሻአላህ ሰኞ ቤትህ አደርሰዋለሁ» አለ።

አባቴ መልስ ሳይሰጥ ብስክሌቱን ያዘ። «መጀመሪያ አንድ ጊዜ ልዙርበት» አለ።

ካፖርቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። መንዳት እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ ካምፕ ውስጥ በመልእክተኛው ብስክሌት ተምሮ ኖሯል። ከሸዋ በር ተነሥቶ በአደባባዩ በኩል ዞሮ፣ ቅመም ከሚሸጡት ሴቶች ፊት አልፎ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ነዳ። አንዷ ቃሪያ ሻጭ «ሃምሳ አለቃ፥ ወዴት ነው ሽሽቱ?» ስትለው ከልቡ ሣቀ። አንድ ዙር ብቻ ነው የዞረው። ለሁለተኛው ዙር መንገዱ ክፍት ነበር፤ እሱ ግን ፍሬን ያዘና ወረደ፣ መሪውን ለከድር አስያዘው።

«ማሽላህ ለልጆችህ ይሁን። እኔ አልሸጥኩልህም፤ ተለዋወጥን» አለው።

አው ዩሱፍ ከሰማያዊዋ ላይ ፍሬኑን ወደ ጣቴ አቀረቡ፣ ካቴናውን በቆርቆሮ ሸፈኑ፣ የሱሪዬን ጫፍም በመቀስ ቆርጠው በላስቲክ አሰሩልኝ። አባቴ ሱሪው ሲቆረጥ አየ፣ የተቆረጠውን ጨርቅ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሰኞ ውሃዬን ቀድቼ፣ ጨርቁን አስጥቼ ወጣሁ። አባቴ ቀድሞ በእግሩ ሄዷል። ቁልቁለቱን ኮርቻ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለት እጄን ፍሬኑ ላይ አድርጌ ወረድኩ፤ ነፋሱ ነጠላዬን ወደ ኋላ ሲያነሣው በልቤ መድኃኔዓለምን እያመሰገንኩ ነበር፣ እንባዬ ግን ከነፋሱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ትምህርት ቤቱ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ግቢው ጸጥ ብሏል፣ የባንዲራው ገመድ እንኳ ይሰማል። አረፈድኩ፣ አለቀ ብዬ በሩን መደብደብ ጀመርኩ።

ጋሽ ወልዴ እያዛጉ በቀዳዳው አዩኝ። «ምን ሆነሽ ነው? ገና አልከፈትኩም እኮ።»

ባንዲራው አልተሰቀለም ነበር። እያለከለክሁ ሳለ ምክትል ዳይሬክተሩ ቦርሳቸውን ይዘው በእግራቸው ከኋላዬ ደረሱ። እኔን አዩ፣ ሰማያዊውን ብስክሌት አዩ፣ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ።

«ወልዴ» አሉ፣ «ክፈትላት።»